የጨዋማ ረግረግን ትንሽ የእሳት ራት እንዴት መከታተል ይቻላል

ኮሊዮፎራ አትሪፕሊሲስ በአውሮፓ ባሕር ዳርቻ ጨዋማ ረግረጎች የሚኖር፣ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የእሳት ራት ነው። ከጁላይ እስከ ኦገስት ሲመሽ በእጅ መረብ ይያዛል፤ ይሁን እንጂ ከቅርብ ዘመዶቹ በመልክ ብቻ ለመለየት ስለሚያስቸግር እጩን (ከእንቁላል የሚፈለፈለውን ትል) መፈለግ ይመረጣል።

በሴፕቴምበርና በኦክቶበር አትሪፕሌክስና ሱዌዳ የተባሉትን ጨው ቻይ ዕፅዋት ፍሬ በማጉያ መነጽር ይመርምሩ። እጩ ከሐር ክር በሠራው ቱቦ መሰል ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ ከረጢቱን እየጎተተ ከፍሬ ወደ ፍሬ በመዘዋወር ዘሩን ይበላል፤ ስለዚህ ጎኑ የተበሳና ውስጡ ባዶ የሆነ ፍሬ ጥሩ ምልክት ነው። ጠግቦ ካደገ በኋላ ቀዝቃዛውን የአውሮፓ ክረምት በከረጢቱ ውስጥ አሳልፎ፣ ብርዱ ካለፈ በኋላ ወደ ፑፓነት (በእጭና በራት መካከል ወዳለው ደረጃ) ይለወጣል።

ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ጥቂት እጮችን ብቻ አየር በሚያስገባ ዕቃ አድርጎ ከቤት ውጭ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ያኑር፤ የሞቀ ክፍል ያደርቃቸዋል። ወደ ረግረጉ መግባት ያለብዎት ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ነው፤ ውሃው ሲመለስ ቦዮቹን አስቀድሞ ሞልቶ ከጀርባ መንገድ ይዘጋልና።