መኪናው አልነሳም ሲል፦ መጀመሪያ ድምፁን ይስሙ

ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናው አልነሳም አለ እንበል። በዚህ ሰዓት የሰፈሩ ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፣ ሌላው «ካንዴላ ነው»፣ ሦስተኛው እጅጌውን ሰብስቦ «ግቡና እንግፋው» ይላል። ከእነሱ በፊት መኪናውን ይስሙት። ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? ካልዞረ ጣጣው ባትሪው፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው) ወይም በመሀል ያለው ገመድ ጋ ነው። እየዞረ ካልተነሳ ግን ወይ ነዳጅ ወይ እሳት፣ ማለትም ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የካንዴላ ብልጭታ አጥቷል። ይህን ሳይለዩ ባትሪ መግዛት ብር መበተን ነው።

የምጽፈው በዋናነት ስለ ቤንዚን መኪኖች፣ ስለ እነ ቪትዝና ኮሮላ ነው።

«ጠጠጠጠ» ካለ

ይህ ፈጣን ድምፅ ባትሪው ጉልበት ማጣቱን ይናገራል። የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩ። መብራቱ ከደከመ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ጥርጣሬው ትክክል ነው።

ግን ወዲያው ባትሪ ቤት አይሂዱ። ኮፈኑን ከፍተው ተርሚናሎቹን፣ ገመዶቹ ባትሪው ላይ የሚታሰሩበትን ይዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ የሚመስል ዱቄት አለ? ተርሚናሉን በእጅዎ ሲያወዛውዙት ይነቃነቃል? እንዲህ ከሆነ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ኤሌክትሪኩ ማለፊያ አጥቶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ 10 ቁጥር መፍቻ ይበቃል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ይፍቱ። ዱቄቱ አሲድ ስላለበት በባዶ እጅ አይንኩት። ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይጠቡት፣ በብሩሽ ይፈግፍጉት፣ ያድርቁትና አጥብቀው ይሰሩት። ሲመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ላይ ነው።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለዎት ነገሩ ይቀላል። ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መኪናው ከተነሳ በኋላ ደግሞ እንደገና ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። ያኔ አዲስ ባትሪ ቢያስገቡም ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል። የአዲስ አበባ አነዳድም ለባትሪ አይመችም። ቤት፣ ቢሮ፣ መሀል ላይ መጨናነቅ፤ ዲናሞው ለማስነሻ የወጣውን ሳይመልስ ሞተሩ ይጠፋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲጨመርበት የደከመ ባትሪ ይጋለጣል።

ከሌላ መኪና በገመድ ሲያስነሱ ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ከደህናው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። ጥቁሩ ከደህናው ኔጌቲቭ ይያያዝና ሌላው ጫፉ ከባትሪው ራቅ ብሎ ባልተነሳው ሞተር ባዶ ብረት ላይ ይያዛል። ባትሪ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ ብልጭታው አጠገቡ መሆን የለበትም።

አንድ ጊዜ «ቋ!» ብሎ ዝም ካለ

መብራቱ ደማቅ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ከጮኸ ሞተሪኖውን ይጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ካርቦን አልቆ ነው። ማርሹ ፓርክ ወይም ዜሮ (ኒውትራል) ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው ሞተሪኖውን በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ቢያደርገው ሊነሳ ይችላል። ይህ ጋራዥ ለመድረሻ ብቻ ነው።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለስ? አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከፓርክ ወደ ኒውትራል ወስደው ይሞክሩ። እዚያ ከተነሳ የማርሹ ስዊች ተበላሽቷል። በቁልፍ ሳይሆን በአዝራር የሚነሳ ከሆነ ፍሬኑን በደንብ ይርገጡ፤ የሪሞቱ ባትሪ አልቆም ሊሆን ይችላል። በብዙ ቶዮታዎች ሪሞቱን ራሱን አዝራሩ ላይ አስጠግተው ሲጫኑት ይነሳል።

መግፋት የሚያዋጣው ለማንዋል ነው። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑን ይለቃሉ። አውቶማቲክን መግፋት የጎረቤትን ጉልበት መጨረስ ነው።

ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ነዳጅ አለው? አይሳቁ፤ የነዳጅ መቁጠሪያ ይዋሻል፣ በተለይ መኪናው ዳገት ላይ ካደረ። ቀጥሎ ሬዲዮውን ያጥፉና ሞተሩን ሳያዞሩ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። በብዙ መኪኖች ከኋላ ወንበር በኩል ለሁለት ሦስት ሰከንድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቤንዚን ፓምፑ ነው። ከጠፋ ፊውዙን ይዩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ፓምፑ ራሱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ ነው፤ የማደያ ሰልፍ ሽሽት ሁልጊዜ በሪዘርቭ የሚነዳ ሰው ዕድሜውን ያሳጥራል።

ፓምፑ ከሠራ ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይል እንደሆነ ይመልከቱ። ቁልፉ ተከፍቶም ካላቆመ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ትርፍ ቁልፍ ይሞክሩ።

የቤንዚን ሽታ ከመጣ ሞተሩ ጠግቧል፣ ነዳጅ በዝቶበታል። ነዳጁን እስከ ታች ረግጠው ያስነሱ፤ ብዙ የኢንጀክሽን መኪኖች በዚህ ሁኔታ ነዳጅ ማስገባታቸውን ያቆማሉ። ከአሥር ሰከንድ በላይ ግን በአንዴ አያዙሩ፣ ሞተሪኖውን ያሳርፉት። በአየር ማስገቢያው ቤንዚን አፍስሱ የሚልዎትን ደግሞ አይስሙ፤ መኪና የተቃጠለው በዚህ ነው።

ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ ከዞረ ያቁሙ። ታይሚንግ ቺንጊያ (ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል መደጋገሙ ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል። ብዙ የድሮ ኮሮላዎች ቺንጊያ አላቸው፤ ቪትዝ ግን በሰንሰለት ነው።

ናፍታ ከሆነ ካንዴላ የለም። በብርድ ካንዴሌታው (ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) ሳይሞቅ አያስነሱ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ነዳጅ አልቆበት ከቆመ መሙላቱ ብቻ አይበቃም። መስመሩ አየር ስለያዘ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይጫኑ።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ከዚህ አታመልጡም። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሿ 12 ቮልት ከሞተች ያው ቀጥ ነው።

በመጨረሻ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለ፦ ቀዝቃዛ ሲሆን የሚነሳ፣ ሞቆ ሲቆም እንቢ የሚል፣ ግማሽ ሰዓት አርፎ እንደገና የሚነሳ። ብዙ ጊዜ ክራንክ ሴንሰር፣ የሞተሩን ዙር የሚያነበው መሣሪያ ነው። ጋራዥ ሲደርስ ቀዝቅዞ ስለሚነሳ መካኒኩ ችግሩን አያየውም። ስለዚህ «አይነሳም» ብቻ አይበሉት፤ «ሲሞቅ አይነሳም፣ ሲበርድ ይነሳል» ብለው ይንገሩትና እሱ ባለበት ሞተሩ እስኪሞቅ ይሥራ።