ሲጋራ የማቆሚያ አገልግሎትን ውጤት ስንለካ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ከተገልጋዮቻችን 70 በመቶው ሲጋራ አቁመዋል» የሚል ሪፖርት ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ከስንት ሰው? በስንተኛው ቀን? በምን ተረጋግጦ? እነዚህ ካልተመለሱ ቁጥሩ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም።

ስልክ ያላነሱትን ከሂሳቡ ማውጣት

ከሁሉም የተለመደውና የከፋው ይህ ነው። 200 አጫሾች የማቆሚያ ቀን ቆርጠው ሕክምና ጀመሩ እንበል። ከአራት ሳምንት በኋላ የተገኙት 110 ሲሆኑ፣ 77ቱ አላጨስንም አሉ። 77 ለ110 ሲካፈል 70 በመቶ ይሆናል። ለ200 ሲካፈል ግን 38.5 በመቶ ነው። ሁለቱም ሂሳብ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ያለው አካፋዩ ላይ ነው። ያሰበው ያልተሳካለት ሰው አማካሪው ሲደውልለት ስልክ ማንሳት ስለሚያፍር፣ የጠፉት ሰዎች ከተገኙት ጋር አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ ሲጋራ የማቆም ውጤት እንዴት እንደሚለካ የሚወስነው የራስል መመዘኛም በዚሁ ምክንያት ደብዛው የጠፋን ተገልጋይ እንዳጨሰ ይቆጥረዋል፤ ከአካፋዩ የሚወጡት የሞቱና አድራሻቸው ሊገኝ በማይችል ሁኔታ የተቀየረ ብቻ ናቸው። ይህ ደንብ ክትትሉ ሰነፍ የሆነን ማዕከል ይጎዳል። ይጉዳው፤ በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ እንዲደውልና በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ስልክ እንዲመዘግብ የሚያደርገው እሱ ነው።

የአካፋዩ ሌላኛው ጫፍ ማን ይቆጠር የሚለው ነው። መረጃ ለመጠየቅ ብቻ የደወለ ሰው ታካሚ አይደለም። ቢያንስ አንድ የምክር ክፍለ ጊዜ የወሰደና የማቆሚያ ቀን የቆረጠ ግን፣ በማግስቱ ቢጠፋም ይቆጠራል። «የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ያጠናቀቁ» ብቻ ከተቆጠሩ ውጤቱ ሳይለካ አምሯል ማለት ነው።

የቃል መልስን ብቻ መመዝገብ

ሲረዳው ለቆየ አማካሪ «አጭሻለሁ» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። ስለዚህ ቢቻል ጠያቂው ሌላ ሰው ይሁን። ጥያቄውም «አቁመዋል ወይ?» አይሁን፤ «ባለፉት 14 ቀናት አንዴም እንኳ ቢሆን ሲጋራ ስበዋል?» ይባል። ከዚያ የትንፋሽ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ከሲጋራ ጭስ ወደ ሰውነት የሚገባው ጋዝ፣ ይለካል፦ ተገልጋዩ አየር ስቦ 15 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይይዝና ሳንባው ባዶ እስኪሆን ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። የተለመደው ወሰን ከአንድ ሚሊዮን 10 እጅ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ ንባብ አላጨስኩም የሚለውን ቃል ይደግፋል። ለነፍሰ ጡሮች ዝቅ ያለ ወሰን ይወሰዳል።

መሣሪያው ግን ሁሉን አያይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምርመራው የሚናገረው በአብዛኛው ስላለፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት የሚለካ ሰው ሌሊቱን አለማጨሱ ያቆመ ሊያስመስለው ስለሚችል ከሰዓት በኋላ መለካት ይመረጣል። በተቃራኒው የከሰል ጭስ ወይም የተበላሸ የጋዝ ምድጃ ያላጨሰውን ሰው ንባብ ሊያስጨምር ይችላል። በምራቅ የሚለካው ኮቲኒን፣ ማለትም ሰውነት ኒኮቲንን ሲሰባብር የሚፈጠረው ንጥረ ነገር፣ የበለጡ ቀናትን ይሸፍናል፤ ነገር ግን ለማቆም የሚረዳ የኒኮቲን ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ) ወይም ማስቲካ የሚጠቀም ሰው ሲጋራ ባይነካም ኮቲኒን ይገኝበታል። በሕክምናው ምክንያት ሰውን ውሸታም እንዳናደርገው።

አራተኛውን ሳምንት የመንገዱ መጨረሻ ማድረግ

በእንግሊዝ አገልግሎቶች የአጭር ጊዜ ውጤት የሚለካው ከማቆሚያው ቀን በኋላ ከ25ኛው እስከ 42ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጠቃሚ ነው፤ አገልግሎቱ ሥራውን መሥራቱን ቶሎ ያሳያል። ግን አብዛኛው ሰው ወደ ሲጋራ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት በትንፋሽ የተረጋገጠው መጠን በአራተኛው ሳምንት 53 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ ወደ 15 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ በየዓመቱ ከተገልጋዮቹ የተወሰኑትን በዕጣ መርጦ በ6ኛ ወይም በ12ኛ ወር መከታተል ያስፈልጋል። የራስል መመዘኛ በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ በድምሩ እስከ 5 ሲጋራ ይታገሣል፤ አንድ ቀን መሳሳት እንደገና መጀመር አይደለምና።

ያለ እርዳታም የሚያቆሙትን መርሳት

ብቻቸውን ከሚሞክሩት ከ100 ሰዎች ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ከ6 እስከ 12 ወር ይዘልቃሉ። የአገልግሎቱ ጥቅም ከዚህ በላይ ያለው ነው። ታዲያ የአራት ሳምንት ውጤትን ከዚህ የረጅም ጊዜ ቁጥር ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ ጊዜያቸው አንድ መሆን አለበት።

ማዕከላትን በመቶኛ ብቻ ማሰለፍ

አንዱ ማዕከል ከ50 ሰው 60 በመቶውን ቢያስቆም 30 ሰው ነው። ሌላው ከ400 ሰው 35 በመቶውን ቢያስቆም 140 ሰው። በደረጃ ሰንጠረዥ የሚሸለመው ግን የመጀመሪያው ነው። በመቶኛ ብቻ የሚከፈለው ማዕከል በጊዜ ሂደት ቀላል የሆኑትን ተገልጋዮች መምረጥ ይማራል፤ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውና በቀን ሁለት ፓኮ የሚጨርሱት ደጅ ይቀራሉ። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን የታከመው ሰው ብዛትና የሱሱ ክብደት ይመዝገብ። ለክብደቱ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያውን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ያቀጣጥላሉ? በቀን ስንት ያጨሳሉ? በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያቀጣጥል ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ከሚቆየው ይልቅ ለማቆም ይቸገራል።

ሙከራን እንደ ሰው መቁጠር

በዓመት ሦስት ጊዜ ተመልሶ የመጣ ሰው ሦስት ሙከራ እንጂ ሦስት ሰው አይደለም። ለእያንዳንዱ ተገልጋይ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ሪፖርቱ ላይም የሙከራውና የሰው ብዛት በሁለት ዓምድ ይቀመጡ።