የሕፃን ድንችና ካሮት ሙጫ እንዳይሆን፣ በድሬ ሙቀትም እንዳይኮመጥጥ

ችግሩ ሁለት ነበር። ድንችና ካሮቱ አብሮ ብሌንደር ውስጥ ሲመታ እንደ ሙጫ ይለጠጣል፤ ጠዋት የተሠራው ደግሞ ከሰዓት ላይ ይኮመጥጣል።

የሚለጠጠው ድንቹ ነው። የብሌንደሩ ምላጭ ስታርቹን ከውስጡ ያወጣዋል፣ ከዚያ ውሃ ቢጨመርም አይመለስም። ስለዚህ ድንቹ ብሌንደር አይገባም። 2 መካከለኛ ካሮትና 1 ድንች ልጦ፣ 1 ሳንቲሜትር ያህል ከትፎ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእንፋሎት ማብሰል፤ ሹካ ያለ ትግል ሊገባ ይገባል። ካሮቱ ብቻ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ፈልቶ የበረደ ውሃ ጋር ይመታል። ድንቹ ትኩስ እያለ በማንኪያ ጀርባ በወንፊት ይጨመቃል፤ ከቀዘቀዘ ይጓጉላል። ከዚያ ሁለቱን በማንኪያ ማዋሐድ። ለማቅጠን የእናት ጡት ወተት ከሁሉም ይሻላል። ጨውና ስኳር አይጨመርም፤ ማር ደግሞ ልጁ 1 ዓመት ሳይሞላው ፈጽሞ አይሰጥም።

መኮምጠጡ የሚመጣው ምግቡ «እስኪበርድ» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቆይ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ እያማሰሉ ማብረድ፣ ወዲያው ከድኖ ፍሪጅ ማስገባት። እዚያ ከ1 እስከ 2 ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ የማያልቀው በበረዶ መሥሪያ ፍሪዘር ይገባል፤ አንዱ ኩብ ለጀማሪ ልጅ አንድ ጊዜ ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ግን መልሶ ፍሪዘር አይገባም። ሕፃኑ የበላበት ማንኪያ የነካው ትራፊም ይደፋል፤ ምራቁ ምግቡን ያበላሻል።

ከከፊራ ገበያ የተገዛ የበሰለ ፓፓያና ማንጎ እሳት አይፈልግም። ከመላጡ በፊት በደንብ ይታጠብ፤ የማንጎው ቃጫ በወንፊት ይጣራ፤ ሊበላ ሲል ብቻ ይፈጭ። ይህ ሁሉ 6 ወር ለሞላው ልጅ ነው።