ለስልክና ለፍላሽ ሙዚቃ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ የመኪና ቴፕ እንዴት ይመረጣል?

ሱቅ ገብተው «የመኪና ቴፕ ፈልጌ ነበር» ሲሉ ከመደርደሪያ ላይ መጀመሪያ የሚወርድልዎት ትልቅ ስክሪን ያለው ነው። ይበራል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ሻጩም በጣቱ ጠረግ ጠረግ እያደረገ ካርታውንና ቪዲዮውን ያሳይዎታል። እኔም የመጀመሪያውን ቴፕ የገዛሁት እንዲህ ዓይኔ ወዶት ነው። በየቀኑ የምፈልገው ግን ስልኬ ላይ ያለውን ዘፈን መስማት ብቻ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ በጣም የሚረክስ ዕቃ ይበቃኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ ግድ ለሆነበት ሰው ይጠቅም እንደሆነ፣ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. ሙዚቃዎ የት እንዳለ ይለዩ

ዘፈኖችዎ ስልክ ውስጥ ናቸው? ፍላሽ ላይ ናቸው? ወይስ ድሮ የተገዛ ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ አለዎት? የሚገዙት ቴፕ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

በስልክ ለሚሰማ ሰው ብሉቱዝ የግድ ነው። አሁን ብዙ ስልክ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ «ኦክስ አለው» (ማለትም ከዚያ ቀዳዳ በገመድ የሚገናኝበት መሰኪያ አለው) ተብሎ የተሸጠልዎት ቴፕ ላይጠቅምዎት ይችላል። ደግሞ ብሉቱዝ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንድ አሮጌ ቴፕ ብሉቱዙ ስልክ ለማነጋገር ብቻ ነው፤ ሙዚቃ አያሳልፍም። «ብሉቱዝ አለው ወይ?» ብቻ ብለው አይለፉ፣ «በብሉቱዝ ሙዚቃ ያጫውታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ፍላሽ ለሚጠቀም ሰው የዩኤስቢ ቀዳዳ ይበቃል፤ እውነቱን ለመናገር በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ድምፅ የሚገኘውም በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አንደኛው፣ ርካሽ ቴፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ነው። ባለ 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ብዙውን ጊዜ በሌላ ፎርማት ስለሚመጣ ቴፑ «ፍላሽ የለም» ይልዎታል፤ ሰውም ፍላሹ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ባለ 32 ጊጋ ይግዙ። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በ320 ኪሎቢት፣ 10 ሜጋ ገደማ ቢይዝ 3,000 ዘፈን ይገባበታል፤ ለአዲስ አበባ ባሕር ዳር ጉዞ ደርሶ መልስ ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛው የፊደላችን ነገር ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ቴፖች የግዕዝ ፊደል አያሳዩም፤ በአማርኛ የተጻፈው የዘፈን ስም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሲያስጭኑ በዘፋኝ በዘፋኝ ፎልደር አስከፍተው የፎልደሩን ስም በላቲን ፊደል ወይም በቁጥር ያስጽፉ። እየነዱ ሳጥን ሲቆጥሩ ከፊትዎ ያለው መኪና ፍሬን ሊይዝ ይችላል።

የቆየ የሙዚቃ ማጫወቻ ላለው ሰው ኦክስ ጥሩ ነው። ማጫወቻውን ከመኪናው እየሞሉ በኦክስ ሲሰሙ ግን ነዳጅ በረገጡ ቁጥር አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰሙ ስፒከሩን አይጠርጥሩ። ጩኸቱ የሚመጣው በቻርጀሩ ሽቦ በኩል ነው፤ ቻርጀሩን ሲነቅሉት ዝም ይላል።

2. ሳይገዙ መገላገል ይቻላል?

የካሴት ማጫወቻው የሚሠራ መኪና ካለዎት፣ የካሴት ቅርጽ ያለውና ገመዱ ከስልክ የሚሰካ ዕቃ አለ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ድምፁም አይከፋም። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውና ዘፈኑን ወደ ራዲዮው በኤፍ ኤም የሚልከው ግን ለአዲስ አበባ ነዋሪ አልመክረውም። ጣቢያው በዝቷል፤ ባዶ ቦታ ፈልገው ካስተካከሉት በኋላ አንድ ሰፈር ራቅ ሲሉ ሌላ ሰው ዘፈንዎ መሃል ዜና ያነባል። ክፍለ ሀገር ለሚነዳ ሰው ግን ይሆናል።

3. ቀዳዳውን ይለኩ

የመኪና ቴፕ በሁለት ልክ ይመጣል። ነጠላው ወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ድርቡ በወርድ ያው ሆኖ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ቶዮታዎች ግን ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ስላላቸው፣ መደበኛው ድርብ ሲገባ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል። ክፍቱን የሚዘጋው ፕላስቲክ ለብቻው ይሸጣል፤ ከቴፑ ጋር አብሮ ይግዙት። አለበለዚያ ገጣሚው ዳሽቦርድዎን በቢላ ሊጠርብ ይነሳል።

ድርብ ቀዳዳ ስላለዎት ድርብ ቴፕ መግዛት የለብዎትም። ነጠላውን አስገብተው ከሥሩ መነጽር ማስቀመጫ ኪስ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ አሁን የምነዳው እንደዚያ ነው።

4. ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይመኑ

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4»፣ «60 ዋት በ4» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ቴፑን ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ትንሽ ፊውዝ ተሰክታለች፤ ላይዋ ላይ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 የሚል ቁጥር አለ። ባለ 10 አምፔር ናት እንበል። ሞተር ሲነሳ የመኪና መብራት ወደ 14 ቮልት ተኩል ይጠጋል። 10 በ14 ተኩል ሲባዛ 145 ዋት ነው። ቴፑ ያለማቋረጥ ከባትሪ ሊስብ የሚችለው በጠቅላላው ይህን ያህል ከሆነ፣ ለአራት ስፒከር ሃምሳ ሃምሳ ዋት፣ ማለትም 200 ዋት፣ ከየት ያመጣል? ከሚስበውም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ስፒከር በእርግጥ የሚደርሰው 20 ዋት ገደማ ነው። ይህ ስሌት ታዋቂ ስም ባላቸውም፣ ስም በሌላቸውም ቴፖች ላይ ያው ነው፤ የውጭ አምፕሊፋየር ካልተጨመረ በቀር።

ስለዚህ «ይሄ 60 ዋት ነው፣ ያኛው 45 ነው» ተብለው ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። ካርቶኑ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ አር ኤም ኤስ (ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል) የሚል ቁጥር ካለ እሱን ያወዳድሩ፤ እውነተኛው እሱ ነው።

ደስ የሚለው ነገር 20 ዋት ለመኪና ውስጥ ብዙ መሆኑ ነው። ድምፁ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቴፑ ሳይሆን በስፒከሩ ነው። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ፀሐይ ያደረቀው የወረቀት ስፒከር ዳር ዳሩ ተቀዶ ከሆነ ምንም ዓይነት ቴፕ አያድነውም። ካለዎት ገንዘብ ግማሹን ያህል ለቴፑ አውጥተው ቀሪውን ለሁለት የፊት ስፒከርና ለገጣሚ ያቆዩ። የኋላዎቹ ይደርሳሉ።

5. ከጃፓን የመጣ ቴፕ ሲያጋጥምዎት

ያገለገለ የጃፓን ቴፕ በዋጋ ደረጃ ያጓጓል፤ ዕቃውም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ለጃፓን ገበያ የተሠራ ራዲዮ በአብዛኛው የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ላይ፣ ፋና 98.1 ላይ፣ ሸገር 102.1 ላይ ናቸው፤ አንዱንም አያገኙም። ከአንቴናው ጋር የሚቀጠል መቀየሪያ ዕቃ አለ፤ ጣቢያዎቹን ዝቅ አድርጎ ያመጣቸዋል፣ 102.1 የነበረው ለምሳሌ 82.1 ላይ ይሰማል። ከስልክና ከፍላሽ በቀር ሌላ ለማይሰማ ሰው ይህ ችግር አይደለም። የጠዋት ዜና ለሚወድ ግን ነው።

6. የራስዎን ስልክና ፍላሽ ይዘው ይሂዱ

ሶማሌ ተራም ይሁን ሰፈርዎ ያለ ሱቅ፣ ሻጩ በራሱ ፍላሽ የሚያሰማዎትን ዘፈን አይመኑ። የራስዎን ይሰኩ። የሚያውቁት ዘፈን ይሁን፤ ማሲንቆ ያለበት አንድ፣ ከበሮ ወይም ቤዝ ጊታር የጎላበት አንድ። ድምፁን ከሙሉው ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ ያድርጉት። ማሲንቆው ጆሮ የሚቧጭር ከሆነ፣ ከበሮው ድም ማለቱን ትቶ ቧ የሚል ከሆነ ይመልሱት። ከዚያ ፍላሹን መንቀልና መልሶ መሰካት፦ ካቆመበት ዘፈን ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምራል? 3,000 ዘፈን ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማይክራፎኑንም በስልክ ደውለው ይሞክሩ።

ድምፅ ማስተካከያው በጣት የሚዞር እንጂ በስክሪን የሚነካ ባይሆን እመርጣለሁ፤ መንገዱ ጉድጓድ ሲሆን ጣት ስክሪን ላይ አይረጋም። ስክሪን የግድ ካሉ ደግሞ ራሙ 1 ጊጋ የሆነውን አይግዙ፤ ቁልፍ ካዞሩ በኋላ ነቅቶ ዘፈን እስኪከፍት ይንቀራፈፋል። ውጭ የሚያድር መኪና ያለው ሰው የፊት ገጹ ተነቅሎ ኪስ የሚገባ ቴፕ ቢፈልግ እንቅልፍ ያገኛል።

7. ሲገጠም አጠገቡ ይቁሙ

ቴፕ በገዛሁ በሳምንቱ ሰዓቱና ያስቀመጥኳቸው ጣቢያዎች በየማለዳው ይጠፉ ጀመር። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ልመልስ ስል አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ጎራ አልኩ። ካቻቢቴውን አንስቶ ቴፑን ሳበው፣ ናስትሮውን ፈታ፣ ሽቦዎቹን በቴስተር ነካ ነካ አደረገ።

«ጋሼ፣ ተቃጥሏል እንዴ?» አልኩት።

«ቴፑ ምንም አልሆነ ልጄ። ቢጫና ቀይ ተገላብጦ ነው።»

ቢጫው ሽቦ ቁልፍ ቢጠፋም ከማይቋረጥ የባትሪ መስመር ጋር መገናኘት አለበት፤ ሰዓቱንና ጣቢያውን የሚያስታውሰው በሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት ከሚመጣበት ጋር ይገናኛል። ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ከመኪናው ብረት አካል ጋር ይታሰራል። ቢጫውና ቀዩ ከተገላበጡ ቴፑ ይሠራል ግን ይረሳል። ሁለቱም ባትሪ ላይ ከታሰሩ የባሰ ነው፤ መኪናው ለቀናት ሲቆም ባትሪው ያልቃል። ነጭ የግራ ፊት፣ ግራጫ የቀኝ ፊት፣ አረንጓዴ የግራ ኋላ፣ ሐምራዊ የቀኝ ኋላ ስፒከር ነው፤ ጥቁር መስመር ያለባቸው መንትዮቻቸው ነጌቲቭ ናቸው። ይህ የቴፑ ሽቦ ቀለም ነው፤ የመኪናው ሽቦ ቀለም ሌላ ስለሆነ በቴስተር ይለካ። ከተቻለ ደግሞ የመኪናውን ሶኬት ከመቁረጥ ለመኪናው የሚሆነውን መገናኛ ሶኬት ይግዙ፤ ወደፊት መኪናውን ቢሸጡም ቴፑን ነቅለው መውሰድ ይችላሉ።

ለገጣሚው ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ስልክዎን በብሉቱዝ አገናኝተው ዘፈን ይክፈቱ፣ አንድ ጣቢያ ያስቀምጡ፣ ቁልፉን ነቅለው አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ እንደገና ሲያዞሩት ጣቢያው ካለ፣ ስልኩም ሳይነኩት ራሱ ከተገናኘ ይክፈሉት።