ትልቁን ሶፍትዌር ከአንድ ገጽ መጀመር፦ የእህል ግዥ መዝገብ አሠራር

ውስብስብ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ሳይውል በወረቀት ብቻ ተነድፎ አያልቅም፤ ቀላል ሆኖ መጀመር ግን ይችላል። ከባዱ፣ ለነገ የሚያድረውን ዛሬ ካልተስተካከለ ኋላ ከሚያስቸግረው መለየት ነው።

ቡሬ ላይ ከገበሬው በቆሎ ለሚገዛ ኅብረት ሥራ ማኅበር ፕሮግራም ልትሠሩ ነው እንበል። ኃላፊዎቹ የዩኒየኑን ሪፖርት፣ የማዳበሪያ ብድሩን፣ የትርፍ ክፍፍሉን ይዘረዝሩላችኋል። ሁሉንም መዝግቡ፤ አሁን ግን አትሥሩት። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለመዛኙ አንድ ገጽ ነው፦ አባል፣ የእህል ዓይነት፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ ደረሰኝ። አባላት፣ ግዥና ክፍያ የሚባሉ ሦስት ሠንጠረዦች ይበቃሉ። ሰርቨርም አያሻም፤ አንድ ላፕቶፕና ኤስኪውላይት (ዳታውን በአንድ ፋይል የሚይዝ ማከማቻ) መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ። ከካርኒው ጎን ለጎን አስኪዱት። ማታ የሁለቱ ድምር ካልገጠመ፣ እስኪገጥም ድረስ ምንም አትጨምሩ።

ገጽ ቢበላሽ በግማሽ ቀን ይታደሳል። የተበላሸ ዳታ ግን ዓመት ሙሉ ያስለቅሳል፤ ጥንቃቄው እዚህ ላይ ይሁን።

ብርን በፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥርን በግምት በሚይዝ የዳታ ዓይነት) አታስቀምጡ፤ ሲደማመር ሳንቲም ያዛባል። 137 ኪሎ፣ ኩንታሉ በ3,650 ብር ቢገዛ 5,000 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ 500,050 ሳንቲም ተብሎ በሙሉ ቁጥር ይግባ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡ፣ ገጹ ላይ በእኛው አሳዩ። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ የቀን መምረጫ ጳጉሜን ላይ ይቆማል፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን መሆኗን አትርሱ።

ስም ከሁሉም ያደክማል። ያው ሰው አንዴ ኃይሉ፣ አንዴ ሀይሉ፣ ሌላ ጊዜ ሐይሉ ተብሎ ይጻፋል፤ ገብረ መስቀልም ገ/መስቀል ይሆናል። አባሉ የሰጠውን አጻጻፍ እንዳለ ትታችሁ፣ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ያመጣ ሌላ ዓምድ ለፍለጋ ጨምሩ። የአባት ስምን የቤተሰብ መጠሪያ ማድረግ የውጭ ፎርም ሲገለበጥ የሚመጣ ጣጣ ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብላችሁ ለዩ።

የተሳሳተ ግዥ አይሰረዝም፤ በተቃራኒ መዝገብ ይካካሳል። ያለዚያ ገበሬው እጅ ያለው ደረሰኝ ከኮምፒውተሩ ጋር ይጣላል።

የደረሰኝ ቁጥር ከመጀመሪያው የመጋዘን መለያ ይኑረው። ማኅበሩ ነገ ደምበጫ ሁለተኛ መጋዘን ከፍቶ መዝገቦቹ ሲቀላቀሉ፣ የሁለቱም ቁጥር 57 ይጋጫል። የማቀላቀያውን ፕሮግራም ግን መጋዘኑ ሳይከፈት አትጻፉ።