የአፕስትሪም ኮድ ጊት ውስጥ ስናስቀምጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰከላ ድረስ ሄዶ ከግሽ ዓባይ ጠበል የቀዳ ሰው፣ ቤቱ ሲደርስ ጀሪካኑ ላይ የቧንቧ ውሃ አይጨምርበትም። የሶፍትዌር ፓኬጅ የምንሠራ ሰዎች ግን ይህን እናደርጋለን። ዋናዎቹ አዘጋጆች የለቀቁትን ኮድ፣ አፕስትሪም የምንለውን፣ የለውጥ ታሪክ በሚመዘግበው ጊት ውስጥ እናስገባና የራሳችንን ለውጥ እናፈስበታለን። ከጥቂት ወራት በኋላ የቱ የነሱ፣ የቱ የኛ እንደሆነ የሚለይ ይጠፋል።

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ አንድ ልጅ ደወለልኝ። በግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ዴቢያን ለተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ፓኬጅ ያደርጋል። «ጋሼ፣ አዲሱ ቨርዥን አልገባ አለኝ» አለ። ሪፖውን፣ ማለትም የጊት ማከማቻውን፣ ከፍቼ አየሁት። የአፕስትሪሙን ፋይሎች በቀጥታ ነው ያረማቸው። ኮሚቶቹ፣ ማለትም የተመዘገቡት ለውጦች፣ ሁሉ «ማስተካከያ» ይላሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሆነን፣ መብራት ሲመጣ እየጠበቅን፣ ሁለት ምሽት ሙሉ አንድ በአንድ ለየነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አስቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

አፕስትሪም የራሱ ብራንች፣ ማለትም የተለየ የለውጥ መስመር፣ ይኑረው። እዚያ የሚገባው እነሱ የለቀቁት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቨርዥንም ታግ፣ ማለትም የስም ምልክት፣ ይደረግበት። የኛ ለውጥ «ዴቢያን» በሚለው ፎልደር ስር፣ ለውጡን ብቻ በያዘ ፋይል፣ በፓች መልክ ይቀመጥ። አንድ ፓች ለአንድ ጉዳይ፣ ለምን እንደተደረገም ከላዩ ይጻፍ። ጎጃም ውስጥ የትርጓሜ ቤት የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መምህሩ «አንድም» እያለ ቢያብራራም ንባቡን አይነካም።

ቀጣዩ ስህተት ይበልጥ ያሰጋኛል፤ ታርቦሉ፣ ማለትም ኮዱ ተጠቅልሎ የሚለቀቅበት ፋይል፣ ከአፕስትሪሙ ጊት ጋር አንድ ነው ብሎ ማመን። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዚ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ላይ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሰርጎ መግቢያ ተገኘ። ተንኮሉን የሚያስነሳው የግንባታ ስክሪፕት ታርቦሉ ውስጥ ነበር፤ ጊቱ ውስጥ ግን አልነበረም። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ነው። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከርቀት በሚያስገባው ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ጠረጠረ። ስለዚህ ታርቦሉን ፈትታችሁ ከታጉ ጋር አነጻጽሩ። ፊርማ ካለው አረጋግጡ። የግንባታ ስክሪፕት በሚያመነጨው አውቶኮንፍ የተፈጠሩ ፋይሎች ልዩነት ማምጣታቸው የተለመደ ነው፤ እነሱንም ቢሆን ራሳችሁ ደግማችሁ አመንጯቸው።

ታርቦሉን ፈትቶ እንደገና መጭመቅም ችግር ነው። ፋይሎቹ አንድ ሆነው ቼክሰሙ፣ ማለትም የታርቦሉ ማረጋገጫ ቁጥር፣ ይለያያል። ዴቢያን ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ኦሪጅናል ታርቦል አይቀበልም። ፕሪስቲን ታር የሚባለው መሣሪያ ትንሽ የልዩነት ፋይል ብቻ ይዞ፣ ያንኑ ታርቦል ባይት በባይት መልሶ ያወጣላችኋል። ሪፖዎች የሚቀመጡበት ድረገጽ ጊትሃብ በራሱ በሚያዘጋጃቸው ታርቦሎች ላይም አትተማመኑ። በጃንዋሪ 2023 መጭመቂያው ሲቀየር ቼክሰማቸው ተለውጦ የብዙዎች ግንባታ ቆሞ ነበር፤ ወዲያው መለሱት። እነዚህ ታርቦሎች ሳብሞጁሎችንም፣ ማለትም ሪፖው ውስጥ የተያያዙ ሌሎች ሪፖዎችን፣ አይጨምሩም።

ኮምፒውተራችሁ ላይ ለራሳችሁ ያዘጋጃችሁት የጊትኢግኖር ዝርዝር፣ ማለትም ጊት የሚያልፋቸው ፋይሎች ዝርዝር፣ ካለ፣ የአፕስትሪሙን ፋይል ሳይነግራችሁ ሊያስቀር ይችላል። ካስገባችሁ በኋላ ከታርቦሉ ጋር አመሳክሩ።

በመጨረሻ የፈቃድ ጉዳይ አለ። ማሰራጨት የማይፈቀድ ፎንት ወይም ምስል ኮዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንዴ ኮሚት ካደረጋችሁት በኋላ ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ሪፖውን ክሎን ያደረገ፣ ማለትም የገለበጠ ሁሉ ያገኘዋል። መወገድ ያለበት ከመግባቱ በፊት ነው። ዴቢያን ላይ «ኮፒራይት» በሚለው ፋይል ውስጥ መወገድ ያለባቸውን ፋይሎች ዘርዝራችሁ፣ አዲስ ቨርዥን የሚያወርደው ዩስካን ታርቦሉን ያለ እነሱ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ትችላላችሁ። የቨርዥኑ ቁጥር ላይም ታርቦሉ መቀነሱን የሚያሳይ ምልክት ይጨመርበታል። ለደብረ ማርቆሱ ልጅ ይህን ስነግረው፣ «እንግዲያውስ ያኛውን ፎንት ዛሬውኑ ልየው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።