ኦቨርድራይቭ ወይስ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ? ለክላሲክ ስፖርት መኪናዎ እንዴት እንደሚመርጡ

አራተኛ ማርሽ ላይ ነዎት፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሞተሩ ግን ይጮኻል። እጅዎ ሳይታወቅዎ አምስተኛ ማርሽ ይፈልጋል፤ የለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠራ ስፖርት መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መፍትሔው ብዙ ነው፦ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ መግጠም፣ ኦቨርድራይቭ (ከካምቢዮው ጀርባ ተገጥሞ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ መሣሪያ) መጨመር፣ ወይም ዲፈረንሻሉን መቀየር፤ ችግሩ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ካምቢዮ ገዝቶ ኋላ ማስላቱ ነው። እኛ ከስሌቱ እንጀምር። ለምሳሌ ያህል ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተመረተውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ኤም ጂ ቢን እንውሰድ፤ መንገዱ ለሌሎቹም ያው ነው።

1. ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚዞር ያስሉ

ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ሰው መሪው ላይ እንደተቀመጠ መኪናውን ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ገፍተው ርቀቱን በሜትር ይለኩ። ሬሾ ማለት የመውጫው ዘንግ አንድ ዙር እስኪዞር የመግቢያው ስንት ዙር እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል። ከዚያ ፍጥነቱን (በሰዓት ኪሎ ሜትር) በዲፈረንሻሉ ሬሾ፣ በማርሹ ሬሾና በ1000 ያባዙ፤ ውጤቱን 60 ጊዜ የጎማው ዙሪያ ለሚሆነው ቁጥር ያካፍሉ። የሚያገኙት የሞተሩ ዙር በደቂቃ ነው።

የኤም ጂ ቢ ዲፈረንሻል 3.909 ነው፤ ጎማው በአንድ ዙር 1.89 ሜትር ያህል ይጓዛል። በአራተኛ ማርሽ (1.00) 110 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ 3790 ገደማ ይዞራል። በ0.82 ኦቨርድራይቭ ግን 3110 ይሆናል። የሚያጣሉን እነዚህ 680 ዙሮች ናቸው።

2. ሬሾዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ሻጭ የሚነግርዎ የማርሹን ብዛት ነው፤ እርስዎ ግን የመጨረሻውን ማርሽ ሬሾ ይጠይቁ። ለእንዲህ ዓይነት መኪና በብዛት የሚገጠመው የፎርድ ታይፕ 9 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አምስተኛው 0.82 ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ኤም ጂ ቢ ላይ የተገጠመው ኦቨርድራይቭም 0.82 ነው። በረጅም መንገድ ሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ማለት ነው! የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ካምቢዮ አምስተኛው 0.814 ነው። የዚያው መኪና ሁለተኛ ትውልድ ባለ ስድስት ማርሹ ደግሞ ስድስተኛው 0.843 ስለሆነ፣ አንድ ማርሽ ተጨምሮበት እንኳ ሞተሩን ይበልጥ ያስጮኸዋል።

ልዩነቱ ከታች ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ኤም ጂ ቢ ላይ የተገጠመው ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ 3.44፣ ሁለተኛው 2.17 ነው። ታይፕ 9 በ3.65 ይነሳና ወደ 1.97 ይወርዳል። አንደኛው ቶሎ ያልቃል፣ ሁለተኛው ሲገባ ደግሞ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። በከተማ ብዙ የሚነዱ ከሆነ ይህ ከ680ው ዙር ይልቅ ሊያበሳጭዎ ይችላል።

3. ዲፈረንሻል ብቻ መቀየርንም ይመዝኑ

በስምንት ሲሊንደሩ ኤም ጂ ቢ ጂቲ ላይ የነበረው 3.07 ዲፈረንሻል ዙሩን ወደ 2980 ያወርደዋል። ካምቢዮ መንካት አያስፈልግም። ነገር ግን የሚረዝመው አራተኛው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ማርሽ ነው፤ ሪትሮማርሹም ጭምር። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ይዘው ዳገት ላይ ሲነሱ ፍሪሲዮንዎ ዋጋውን ይከፍላል። እኔ አልመርጠውም።

4. ኦቨርድራይቩን ይረዱት፣ ከዚያ ይፈትሹት

ኦቨርድራይቭ ከካምቢዮው ጀርባ የሚቀመጥ ተጨማሪ የጥርስ ስብስብ ነው። የኦቨርድራይቩን ማብሪያ ሲጫኑ ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መክፈቻ) የዘይት ግፊት ይለቃል፤ ግፊቱ የሾጣጣ ቅርጽ ያለውን ፍሪሲዮን ገፍቶ የመሃሉን ጥርስ ያስቆመዋል፤ ያኔ የውጪው ዘንግ ከካምቢዮው ዘንግ በላይ ይፈጥናል። በሦስተኛና በአራተኛ የሚሠራ ከሆነ በቁጥር ስድስት ማርሽ አለዎት፤ 1.38 የሆነው ሦስተኛ በኦቨርድራይቭ 1.13 ይሆንና ለቀላል ዳገት ልክ ይመጣል። ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ኤም ጂ ቢዎች ግን በአራተኛ ብቻ ነው የሚሠራው።

ያገለገለ ሲገዙ ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ኦቨርድራይቩን ብቻውን ገዝቶ ያለ ኦቨርድራይቭ በተሠራ የኤም ጂ ቢ ካምቢዮ ላይ መግጠም አይቻልም፤ ዋናው ዘንግ የተለየ ነው። ካምቢዮውን ከነኦቨርድራይቩ ይግዙ። ሁለተኛ፣ አልሠራም ያለ ሁሉ የተሰበረ አይደለም። ሞተሩን ሳያስነሱ የመኪናውን ቁልፍ ከፍተው አራተኛ ያስገቡና ኦቨርድራይቩን ያብሩ፤ ከሥር «ጠቅ» ካላለ ጥፋቱን ሽቦው፣ ማርሽ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ወይም ሶሌኖይዱ ላይ ይፈልጉ። ጠቅ ብሎ ካልያዘ የዘይቱን መጠንና ማጣሪያውን ይዩ። የተሳሳተ ዘይት ሾጣጣው ፍሪሲዮን እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ አምራቹ ካዘዘው አይውጡ። እና ኦቨርድራይቭ እንደበራ ወደ ኋላ እንዳይነዱ! ውስጡ ያለው ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ፍሪሲዮን ይሰባበራል።

5. ከካምቢዮው ዋጋ ውጭ ያለውን ይደምሩ

ባለ አምስት ማርሽ ከመረጡ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቤት፣ ጥርሱ ከአዲሱ ዘንግ ጋር የሚገጥም የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ የሞተር ጎማ) መሃል ያለው ቡሽ፣ ሱፖርቶ (የካምቢዮው መያዣ) እና በልኩ የተቆረጠ ካርዳን ያስፈልጋል። ካርዳኑ ባላንስ ካልተደረገ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ጥፋቱ ደግሞ ካምቢዮው ላይ ይላከካል። የማርሹ ዘንግ በቀድሞው ቀዳዳ ይወጣ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ወለሉን አይቁረጡ።

የእኔ ፍርድ ይኸው፦ መኪናው ሲሠራ ኦቨርድራይቭ አማራጭ ከነበረውና ሰው ሳይነካው ከቆየ፣ ኦቨርድራይቭ ይሁን። የቀድሞው ካምቢዮ ሲንክሮው (ማርሾቹን ያለ ድምፅ የሚያገጣጥመው ክፍል) አልቆ ማርሽ ሲገባ የሚንኳኳ ከሆነና ለማደስ የሚወጣው ወጪ ከአዲሱ ከተቀራረበ፣ ባለ አምስቱ ይሻላል፤ አሮጌውን ግን ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ባለቤት ይፈልገዋል።

6. ከገጠሙ በኋላ

የፍጥነት መለኪያው ገመድ የሚነሳው ከካምቢዮው ስለሆነ የድሮው ንባብ ላይታመን ይችላል። ስልክዎን ጂፒኤስ ላይ አድርገው ቀጥ ባለ መንገድ ያመሳክሩት፤ ከተዛባ ገመዱን የሚያዞረውን ትንሽ ጥርስ ያስቀይሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላም ከሥር ገብተው የካርዳኑን ቡሎኖችና የዘይት መንጠባጠብ ይዩ።